የኑግ ዘይት ሲረጋ
(የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ)

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። «እናቴ የሚረጋ ዘይት ቤቴ አይገባም ትላለች፤ ቅቤም እኮ ይረጋል፤ ታዲያ ቅቤን ለምን ትወዳለች?» አለች። ለመስከረም ያዘጋጀሁትን ዕቅድ (ሳሙና ሥራ ነበር፣ ለሦስተኛ ዓመት!) አጥፌ አስቀመጥኩት።

የፓልም ዘይት የሚረጋው ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ (ሃይድሮጅን የሞላበት) ስብ ስለሆነ ነው። የዚህ ስብ ሞለኪውሎች ረጃጅም ሰንሰለቶች ቀጥ ያሉ ስለሆኑ እንደ ፍልጥ እንጨት ተደርድረው ይቀመጣሉ። የኑግ ዘይት ሰንሰለቶች ጎባጣ ናቸውና አይደረደሩም። ፋብሪካዎች ፈሳሽ ዘይት ለማርጋት ሃይድሮጅን ይጨምሩበታል፤ ሂደቱ ሳይጠናቀቅ ሲቆም ግን ልብን የሚጎዳ ትራንስ ፋት የተባለ ስብ ይፈጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ስብ ከምግብ እንዲወጣ አገሮችን መወትወት ከጀመረ ቆይቷል። ሦስተኛው መንገድ የዘይቱን ተፈጥሮ ሳይለውጡ ማርጋት ነው፤ ውጤቱ ኦሊዮጄል ይባላል። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዕፅዋት ሴሉሎስ በሚሠራ ኤቲል ሴሉሎስ በተባለ ነገር ሠርተውታል፤ ያ 140 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። የንብ ሰም ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ጠጅ ቤት ደግሞ ከትምህርት ቤታችን በር ማዶ አለ።

የጠጅ ቤቷ ባለቤት ሰፈፉን (ጠጅ ሲጣል ከማሩ ወጥቶ የሚንሳፈፈውን ሰም) በነጻ ሰጡን። «ለሻማ ነው?» ሲሉን «ለብስኩት» ብንላቸው ከት ብለው ሳቁ። በውሃ አፍልተን በነጠላ ቁራጭ ሁለቴ አጠለልነው፤ የጌሾው ሽታ ግን ቶሎ አልለቀቀም።

ልጆቹ በ100 ግራም የኑግ ዘይት ላይ 2፣ 5 እና 10 ግራም ሰም ጨምረው፣ ድስቱን የፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠው አቀለጡ። (ዕቃው ሁሉ ከቤት የመጣ ነው፤ የቤተ ሙከራ ዕቃ ወደ አፍ አይጠጋም፣ በዚህ አልደራደርም።) የመጀመሪያው ቀን ሁሉም ተበላሸ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ «እየቀዘቀዘም አማስሉት» ብያለሁ። ሰሙ ሲቀዘቅዝ የሚሠራቸው ደቃቅ ክሪስታሎች ተያይዘው መረብ ይሆኑና ዘይቱን ይይዙታል፤ እኛ መረቡን ገና ሲሠራ በማንኪያ እየበጣጠስነው ነበር። በሁለተኛው ቀን ማንም እንዳይነካው የክበቡ ጸሐፊ ጠረጴዛው አጠገብ ዘብ ቆመ። ባለ2 ግራሙ ከእርጎ አላለፈም። ባለ5 ግራሙን ብርጭቆ ስንገለብጠው ጠብ አላለም። በጩኸቱ የተነሳ ከጎረቤት ክፍል መምህር ተላከብን።

በባለ10 ግራሙ የጋገርነው ብስኩት ላንቃ ላይ ተለጠፈ። ቅቤ አፍ ውስጥ ይቀልጣል፤ ሰም በ37 ዲግሪ የሰውነት ሙቀት ንቅንቅ አይልም። ባለ5ቱ ግን ተበላ፤ እንዲያውም ለእኔ ሳይተርፍ።

በወላጆች ቀን የጠያቂዋ እናት መጡ። ብርጭቆውን ገልበጥ አድርገው አዩና «ይኸው፣ ይረጋል!» አሉ። ልጅቷ በማንኪያ ጨልፋ እሳት ላይ ያዘችው፤ ፈሰሰ። «እማዬ፣ ሰሙ ትንሽ ነው፤ ሌላው ያው ያንቺው ኑግ ነው» አለቻቸው። እናትየዋ ሁለት ብስኩት በሉ፤ ዘይቱ ቤታቸው ይግባ አይግባ ግን አልተናገሩም።

ከሚያዝያ ጀምሮ ያስቀመጥነውን ብርጭቆ በሰኔ ከፈትነው። ጄሉ እንደቆመ ነው፤ ሽታው ግን ተለውጧል። የኑግ ዘይት በአየር ቶሎ ይበላሻል፣ መርጋቱም አላዳነውም። ለመስከረም በሰሊጥ ዘይት እንሞክራለን። ሰፈፉ አልቋል፤ ጠጅ ቤቷ ደጅ ማን እንደሚሄድ ግን ከአሁኑ እየተጣሉ ነው።