ተከታይ ጥያቄ የሌለው የምክር ቤት ጥያቄ

ለክቡር አዘጋጅ፦

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን በሚጠይቅባቸው ቀናት ስብሰባውን በቴሌቪዥን ከሚከታተሉት አንዱ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት፣ የአስፈጻሚውንም አካል አሠራር የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል። በተግባር የለመድነው ግን የአባላቱ ጥያቄዎች ተራ በተራ ከቀረቡ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሁሉም በአንድነት ረዥም ማብራሪያ ሲሰጡ ማየትን ነው። እንዲህ ሲሆን የተቃዋሚው አባል ጥያቄ ከሌሎቹ መካከል ተውጦ ይቀራል፤ መልሱ ጎደሎ ቢሆን እንኳ «ይህን አልመለሱልኝም» ብሎ ዳግም የሚነሣበት ዕድል እምብዛም የለውም።

ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. 547 መቀመጫ ባለው ምክር ቤት ብቸኛው የተቃዋሚ ፓርቲ ተወካይ አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የገቡት የተቃዋሚዎቹ የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) እና የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ (ኢዜማ) ፓርቲዎች አባላት በቁጥር ከአንድ ቢበልጡም የጠበቃቸው አሠራር ያው ነው። በብሪታንያ የዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ መሪ ምክር ቤቱ በሚሰበሰብባቸው ረቡዕ ቀናት ጠቅላይ ሚኒስትሩን እስከ 6 ጊዜ እያከታተለ ይጠይቃል። እኛ 6 ቀርቶ አንድ ተከታይ ጥያቄ በአሠራር ደንቡ ቢፈቀድልን ይበቃናል። እስከዚያው ጋዜጣችሁ ከየስብሰባው በኋላ መልስ ሳያገኙ የቀሩትን ጥያቄዎች ለይታ እንድታትም በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ