ደብልዩደብልዩኢ 2ኬ25 ወጥቷል፦ ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት

ሰላም አባላት፣

ይህ የሬስሊንግ (የትግል) ቪዲዮ ጌም ማርች 14 ቀን 2025 ተለቋል። ዴድማን ወይም ብላድላይን የተባሉትን ልዩ እትሞች ያዘዘ ከማርች 7 ጀምሮ መጫወት ችሎ ነበር።

መጀመሪያ ኮንሶላችሁን (የጌም ማጫወቻችሁን) እዩ። “ዘ አይላንድ” የተባለው አዲሱ የኦንላይን ዓለም የሚሠራው በፕሌይስቴሽን 5 እና በኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ነው። በኮምፒውተርም ሆነ በቆዩት ኮንሶሎች የለም፤ ለእሱ ብላችሁ ከሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

ለእኛ ትልቁ ዜና ግን የቼይን ሬስሊንግ (ተያይዞ የመታገል ፉክክር) መመለስ ነው። ሁለቱ ተፋላሚዎች ሲያያዙ የመቆጣጠሪያውን ቀኝ ስቲክ በዝግታ እያዞራችሁ ትክክለኛዋን ነጥብ ፈልጉ፤ ስታገኟት ስቲኩን እዚያው ያዙት። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በጥድፊያ ሲያሽከረክር ነጥቧን አልፏት ስለሚሄድ ነው።

“አንደርግራውንድ” በተባለው የግጥሚያ ዓይነት ሪንጉ (የመፋለሚያ መድረኩ) ገመድ የለውም። ስለዚህ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሠራ ስልት ሁሉ ከንቱ ነው፤ ቡጢው የሚከብድ ወይም በመቆለፍ እጅ የሚያሰጥ ተፋላሚ ምረጡ። “ብላድላይን ሩልስ” ደግሞ ከውጭ ረዳት የሚጠራበት፣ በጥፋት መባረር የሌለበት ግጥሚያ ነው። የረዳት ጥሪውን ገና በጅምሩ አትጨርሱት።

ወንድና ሴት ተፋላሚዎችን ማጋጠምም ተፈቅዷል (ስንት ዓመት ስንለምን!)። ማይጂኤምን (የትግል ትርኢት የምታስተዳድሩበትን ክፍል) እስከ 4 ሰው ሆናችሁ በኦንላይን ትጫወታላችሁ።

ከዚህ በፊት በነበረው ጌም በ2ኬ24 የሠራችኋቸው ገጸ ባሕርያት ወደ አዲሱ ጌም አይሻገሩም። እንደገና ለመሥራት እንዲያግዛችሁ የፊታቸውንና የሰውነታቸውን ልኬቶች ገጽ በገጽ ስክሪንሾት አንስታችሁ አስቀምጡ።