ደብዳቤ ለልጄ፦ ከካይሮ ዛር እስከ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሰላም በልልኝ ብላለች።

ባለፈው ስንደዋወል «ስልኬ የሚመርጥልኝ ዘፈን ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ ሰምቼው የማላውቀውን ከየት ልጀምር?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ የሚያልቅ ጨዋታ ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

የምመክርሽ ሰው እንድትከተዪ ነው። አንድ ሙዚቀኛ ያዢና ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ የት አገር እንደኖረ፣ ማንን እንዳስተማረ እያየሽ ሂጂ። እኔ ብሆን የምጀምረው ከሐሊም ኤል-ዳብ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌልሻለሁ።)

ሐሊም በ1921 ካይሮ ውስጥ የተወለደ ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው እርሻ ነበር። በ1944 ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የሽቦ መቅረጫ ተዋሰ፤ ያኔ ድምፅ በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ ይቀረጽ ነበር። ያንን ይዞ ሴቶች ወደሚያካሂዱት የዛር ሥርዓት ሄደና ዜማቸውን ቀረጸ።

ዛር ስልሽ እንዳትደነግጪ። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታወግዘው አውቃለሁ፤ አያትሽም ስሙ ሲነሣ ያማትቡ ነበር። እኔ የማወራሽ ስለ ድምፁ ነው። ደግሞም ለእኛ የሩቅ ነገር አይደለም፤ ብዙ አጥኚዎች ዛር በሱዳን አልፎ ግብፅ የደረሰው ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ነው ይላሉ።

ሐሊም ቅጂውን ይዞ ወደ ስቱዲዮ ተመለሰ። ከሴቶቹ ድምፅ ላይ ዋናውን ቃና አስወገደው፤ የክፍሉን ተንቀሳቃሽ ግድግዳዎች እያፈራረቀ ማስተጋባቱን ለወጠው፤ የወጣውን መልሶ ቀረጸው። በመጨረሻ ቃሉ ጠፍቶ እየራቀ የሚሄደው ድምፅ ብቻ ቀረ። ዛሬ በቀላሉ የሚገኘው ቁራጭ ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። እባክሽ ሌላ ሥራ ሳትይዢ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስሚው። የሚያንጎራጉሩት ነገር አትጠብቂ። መጀመሪያ ነፋስ ይመስልሻል። ደግመሽ ስትሰሚው ግን ከውስጡ የሰው ትንፋሽ ትለያለሽ፤ ያን ጊዜ ነው የሰውየው ሥራ የሚገባሽ። እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል።

ፓሪስ ውስጥ ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀርጾ ከዚያ ሙዚቃ የሠራው በ1948 ነው። የዚህ ጥበብ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከእሱ ነው። ካይሮ ግን አራት ዓመት ቀድማለች፤ ይህን ሳትይዢ እንድታልፊ አልፈልግም።

አሁን ሰውየውን ተከተዪው። በ1950 አሜሪካ ሄደ፤ ኒው ዮርክ ውስጥ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሠራ፤ ከዚያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የት መጣ መሰለሽ? አዲስ አበባ! በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እያስተማረ ሳለ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ እስከ 30 የሚደርሱ ተጫዋቾች ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውን ይዘው አንድ መድረክ ላይ ተቀመጡ። በገና የጾምና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆ የአዝማሪ ነው፤ እምቢልታ ደግሞ የቤተ መንግሥትና የትልቅ በዓል። ቦታቸውም ቅኝታቸውም የተለያየ ነበር። አንድ ላይ ማሰማት ለዚያ ዘመን ሰው እንደ ሽቦው ሥራ ያህል ድፍረት ነው። አንቺ በሠርግ ላይ እያየሽው ያደግሽው «የባህል ቡድን» ከዚህ ድፍረት ብዙ ወስዷል። በኋላ ቡድኑን የመሩት ተስፋዬ ለማ ናቸው፤ ከአሜሪካ የመጣው የሰላም ጓድ አባል ቻርለስ ሳተንም ማሲንቆ ተምሮ አብሯቸው ሠርቷል። በ1969 አሜሪካን ዞረው አሳይተዋል። ቅጂዎቻቸው አሉ፤ ክሩ እስኪቆረጥ ድረስ ተከታተዪያቸው።

ሌላው ክር አንቺ ያለሽበት ከተማ ውስጥ ነው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ቀርቶ በ1985 አኮርዲዮንና የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ብቻውን እየተጫወተ አንድ ካሴት አወጣ። ከዚያ በኋላ እዚያው ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ (Dulles) አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ተሳፋሪ እስኪመጣ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ ያገኘው አንድ አሜሪካዊ ነው፤ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። የሚያምረው ነገር የድሮው የእኛ ዜማ በዚያ ኪቦርድ ላይ ሲንሳፈፍ ነው፤ ዝም ብሎ ማታ የሚሰማ።

ከእነዚህ ስትወጪ ዐባይን ተከትለሽ ውረጂና የኑቢያውን ሐምዛ ኤል-ዲን ፈልጊ። የትውልድ መንደሩን ቶሽካን የአስዋን ግድብ ውኃ ውጦታል። በ1971 ዑድ በሚባለው የዐረቦች የክር መሣሪያ የቀረጸው፣ በሬ ስለሚያዞረው የውኃ መሳቢያ መዘውር የሆነ ሥራ አለ፤ ከ20 ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ አትቸኩዪ፣ በሬው ቀስ ብሎ ነው የሚዞረው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። እዚያ ባሉት የሐበሻ ሱቆች የድሮ ካሴት ካየሽ ጀርባውን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ከዘፋኙ ስም በታች በትንሹ የተጻፉትን የተጫዋቾች ስሞች ማንበብ እፈልጋለሁ።

አባትሽ