ከማት ቦክሱ በፊት ፊልተሩ

ይድረስ ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በክልል ከተሞች የሚሠሩ የሠርግና የበዓል ቪዲዮዎች ጥራት ለምን ዝቅ እንደሚል በጋዜጣችሁ የቀረበውን አስተያየት በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ጥፋቱን ሁሉ በካሜራዎች ማርጀት ማሳበባቸው ግን አላሳመነኝም። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች በዚህ ሙያ የምተዳደር በመሆኔ የሙያ ባልደረቦቼ ምን ይዘው እንደሚወጡ አያለሁ፤ ብዙዎቹ የያዙት ካሜራ ለሥራው ከበቂ በላይ ነው። የጎደላቸው ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት፣ ማለትም ኤንዲ ፊልተር ነው። ይባስ ብሎ ለዚህ ሊውል የሚገባው ገንዘብ ለማት ቦክስ (በሌንሱ ፊት ለሚገጠም የፊልተር መያዣና የብርሃን መከለያ ሳጥን)፣ ያውም አንድም ፊልተር ላልገባበት ማት ቦክስ ሲወጣ እያየሁ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ይህን ጽፌያለሁ።

የጎጃም ብርሃን ለካሜራ ከባድ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐዩ ብርሃን ብዙም ሳይለዝብ ይወርዳል። ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምንገኝም በጥር ወር እንኳ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማሱ ወደ 60 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ ደግሞ በቀጥታ አናት ላይ የምትቆምበት ጊዜ አለ። ሠርጉ የሚበዛው፣ ጥምቀቱ የሚከበረው፣ በእንጅባራም የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል የሚደምቀው ሰማዩ በጠራበት በዚያው በጥር ነው። ተቀራጩ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ መሬቱ አጨዳ ያለቀበት ገለባማ ሜዳ ሆኖ፣ ፀሐዩ ከላይ እየወረደ የሚሠራ ሥራ በአዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ከሚሠራው ጋር በአንድ ሚዛን ሊታይ አይገባም።

ነገሩ በግምት ሳይሆን በስሌት የሚታይ ነው። ፎቶ አንሺዎች ከፊልም ዘመን ጀምሮ በሚጠቀሙበት ደንብ መሠረት፣ በጠራ ፀሐይ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 16 ሲሆን የሹተሩ (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያስገባው በር) ፍጥነት ከአይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ቁጥር ጋር ይገጥማል፤ አይኤስኦው 100 ከሆነ ሹተሩ 1/100 ይሆናል። ፎቶ አንሺ ሹተሩን እንደልቡ ሊያፈጥን ይችላል፤ ቪዲዮ ቀራጭ ግን ይህ ነፃነት የለውም። በሰከንድ 25 ፍሬም የሚቀረጽ እንቅስቃሴ ለዓይን የተለመደውን መልክ እንዲይዝ ሹተሩ 1/50 ላይ መቆየት አለበት፤ የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ በመሆኑም ይኸው ፍጥነት በአዳራሽና በድንኳን ውስጥ የመብራት መርገብገብን ይከላከላል። እንግዲህ በኋላ ቀለሙን በኤዲቲንግ ለማስተካከል እንዲመቸው በሎግ፣ ማለትም ቀለሙ ደብዘዝ ብሎ በሚቀረጽበት ስልት፣ የሚቀርጽ ባለሙያ በብዙ ካሜራዎች ላይ ከአይኤስኦ 800 አካባቢ በታች መውረድ አይችልም። በዚህ አይኤስኦ፣ በ1/50 ሹተር፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ የሚታየውን ጀነሬተርና የቆመ መኪና ለማደብዘዝ ኤፍ 4ን ቢመርጥ፣ ምስሉ ከሚፈለገው በ8 ስቶፕ ይበልጥ ይበራል (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። ይህም ማለት ወደ ካሜራው የሚገባው ብርሃን ከሚያስፈልገው 256 እጥፍ ነው። ፊልተር የሌለው ሰው ይህን በሹተር ልቀንሰው ቢል 1/12800 ያስፈልገዋል፤ ብዙ ካሜራዎች ደግሞ 1/8000 ላይ ያበቃሉ። አፐርቸሩን እስከ ኤፍ 22 ቢዘጋም የሚቀንስለት 5 ስቶፕ ብቻ ሲሆን፣ ምስሉ ጥርትነቱን ያጣል፤ በሴንሰሩ (ብርሃኑን ወደ ምስል በሚለውጠው የካሜራ ክፍል) ላይ ያረፈ አቧራም ሁሉ በሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል።

ጸሐፊው እስክስታው በቪዲዮ ላይ እየተቆራረጠ እንደሚታይ ማማረራቸው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን ይኸው የሹተር ፍጥነት እንጂ የካሜራው ዕድሜ አይደለም። ሹተሩ እጅግ ሲፈጥን እያንዳንዱ ፍሬም ደርቆ ይቀረጻል፤ በአንዱና በሚቀጥለው መካከል ያለው የእንቅስቃሴ ፈለግ ስለሚጠፋ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሳይሆን ከቦታ ቦታ የሚዘል ይመስላል። የፈረሱ ግልቢያም፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውኃም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥማቸዋል። አዲስ ካሜራ ቢገዛ፣ ኤንዲ ፊልተር በውስጡ እስካልተሠራለት ድረስ፣ ያው ችግር በበለጠ ጥራት ይቀረጻል።

ወደ አመራረጡ ልግባ። በመጀመሪያ ገዢውን የሚያሳስተው አሰያየሙ ነው። አንዱ ፋብሪካ 0.9 ብሎ የሚጽፈውን ሌላው ኤንዲ 8 ይለዋል፤ ሁለቱም 3 ስቶፕ ይቀንሳሉ፣ ማለትም የብርሃኑን አንድ ስምንተኛ ያሳልፋሉ። ኤንዲ 8 ስምንት ስቶፕ የሚቀንስ መስሎት የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። በአጭሩ 0.3 ማለት 1 ስቶፕ ስለሆነ ቁጥሩን ለ0.3 ማካፈል ይበቃል፤ በሌላው አጻጻፍ ደግሞ ቁጥሩ ብርሃኑ ስንት እጅ እንደተከፈለ ይናገራል፤ ኤንዲ 64 ስድስት ስቶፕ፣ ኤንዲ 1000 አሥር ስቶፕ ገደማ ነው። አቅሙ ለሁለት ፊልተር ብቻ ለሚበቃ ሰው የእኔ ምክር 0.9 እና 1.8 ነው። ለየብቻ 3 እና 6፣ ተደርበው 9 ስቶፕ ይሰጡታል፤ በዘጠኙ ስቶፕ በጥር ፀሐይ፣ በአይኤስኦ 800፣ በኤፍ 2.8 መሥራት ይቻላል። በመካከል የሚቀረውን ልዩነት አፐርቸሩን ትንሽ ከፍቶና ዘግቶ ማካካስ አያቅትም። በክረምት ደመናም ሆነ ወደ ማምሻው ባለ አምስት ወይም ባለ አራት ስቶፑን ፊልተር ባለመግዛቱ የተጎዳ ሰው አላየሁም።

በአንድ ቀለበት እየተሽከረከረ የሚያጠቁረው ተለዋዋጭ ኤንዲ ፊልተር በከተማችን ከሁሉም የበለጠ የተለመደ ሲሆን፣ ምቾቱን አልክድም፤ ሙሽሮቹ ከቤት ወደ ደጅ ሲወጡ ትሬይ (ፊልተር የሚገባበት መያዣ) እስኪቀየር የሚጠብቅ የለም። አሠራሩ ግን ሁለት ፖላራይዘሮች (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ መስታወቶች) ፊት ለፊት ተደርበው አንዱ በሌላው ላይ መዞራቸው ነው፤ ጠባዩም ከዚያው ይመነጫል። እስከ መጨረሻው ሲጠቁር በሰፊ ሌንስ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ጥላ ያመጣል። ሰማያችን ጥልቅ ሰማያዊ በመሆኑ ደግሞ የፍሬሙ አንድ ጎን ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ይታያል፤ ካሜራው በጊምባል (ከመንቀጥቀጥ በሚጠብቀው የእጅ መያዣ) ላይ ሆኖ ሲዞርም ይህ ጥላ አብሮ ይሄዳል። በባሕር ዳር የጣና ውኃ ላይ ያለው ነጸብራቅ፣ የሙሽራው መኪና መስታወትና የሰው ፊት ወዝም እንደ ቀለበቱ አቀማመጥ ይጠፋል ወይም ይመለሳል። ርካሾቹ ደግሞ ቀለሙን ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ ስለሚስቡት የነጠላው ነጭነት አይታመንም። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ሎግ የማይጠቀምና አይኤስኦ 100 ላይ የሚሠራ የሠርግ ባለሙያ በኤፍ 4 የሚያስፈልገው 5 ስቶፕ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከ2 እስከ 5 ስቶፕ የሚሄድ ጥሩ ተለዋዋጭ ፊልተር ይበቃዋል። በሎግ ለሚቀርጽ ግን ይኸው ፊልተር በእኩለ ቀን 3 ስቶፕ ያጎድልበታል።

ብዙም የማይወራለት ሌላ ነገር ኢንፍራሬድ ነው። ተራ ኤንዲ ፊልተር ዓይን የሚያየውን ብርሃን ሲቀንስ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ጨረር እንዳለ ሊያሳልፈው ይችላል፤ ፊልተሩ እየጠቆረ በሄደ መጠን፣ በተለይ ከ6 ስቶፕ ጀምሮ፣ ጨረሩ በምስሉ ላይ ያለው ድርሻ ይገናል። ውጤቱ በጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ላይ ይጋለጣል። የሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ በቪዲዮው ላይ ቡናማ ሆኖ ሲወጣ፣ የምሩቃን ጥቁር ጋዋን አንዱ ጥቁር ሌላው ወይን ጠጅ መስሎ ሲታይ፣ ባለቤቶቹ የሚወቅሱት ኤዲተሩን ነው። ኤዲተሩ ግን የተለያየ ጨርቅ የተለያየ ያህል ስለሚቀላ ሁሉንም በአንድ ማስተካከያ ሊመልሰው አይችልም። በመሆኑም 1.8 እና ከዚያ በላይ የሚገዛ ሰው ኢንፍራሬድ የሚያግደውን ዓይነት መርጦ ይግዛ፤ የዋጋውን ልዩነት ይህ ብቻ ያዋጣዋል።

አሁን ወደ ማት ቦክስ። ማት ቦክስ ሥራው ሁለት ነው፤ አራት ማዕዘን ፊልተሮችን ይይዛል፣ ከፍሬሙ ውጭ ያለ ብርሃን ሌንሱን እንዳይመታ ይከልላል። ፊልተር ሳይኖረው ማት ቦክስ የገዛ ሰው ሰይፍ የሌለው ሰገባ እንደታጠቀ ነው። ለምን እንደሚገዛ ግን ይገባኛል፤ ደንበኛ ካሜራውን በግዝፈቱ ስለሚለካ፣ ማት ቦክስ የተገጠመለት ካሜራ «የፊልም ካሜራ» ተብሎ የተሻለ ዋጋ ያስከፍላል፤ በጥምቀተ ባሕሩ ግርግርም መንገድ ያስከፍታል። ይህን በማድረጉ ማንንም አልወቅስም፤ ባዶውን አይሁን ነው የምለው።

ለአካባቢያችን ሥራ የምመርጠው በሌንሱ አፍ ላይ በቀጥታ የሚቆነጠጠውን ቀላሉን ዓይነት ነው። በሁለት ባለ 15 ሚሊ ሜትር ሮዶች (ዘንጎች) ላይ የሚቀመጠው ከባዱ ማት ቦክስ ትራይፖድ ላይ ለሚቆም ሥራና ለከባድ ፊልተሮች ይሻላል፤ ጊምባል ላይ ግን ሚዛን ያዛባል፣ በጮቄ ተራራ ላይ እንዳለው ዓይነት ንፋስ ሲነሳም እንደ ሸራ ይገፋል። ቆንጣጩን የሚገዛ ሰው የሌንሱን የውጭ ስፋት አስቀድሞ ይለካ፤ ሌንሶቹ የተለያየ ስፋት ካላቸው ሁሉንም በቀለበት ወደ አንድ ስፋት ማምጣት ይቻላል። ፎከስ ሲደረግ አፉ የሚዞር አሮጌ ሌንስ ያለው ከሆነ ማት ቦክሱም አብሮ ስለሚዞር ያ ሰው ሮድ ያስፈልገዋል። የፊልተር መጠንን በተመለከተ 4 በ4 ኢንች ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ሴንሰሩ ሙሉ ፍሬም (እንደ 35 ሚሊ ሜትር የፎቶ ፊልም ሰፊ)፣ ሌንሱም ሰፊ ከሆነ የፍሬሙ ጥጎች ይጠቁራሉ፤ በዚህ ምክንያት 4 በ5.65 ኢንች የሆነውን እመርጣለሁ። ትሬይ ሁለት ይበቃል፤ ሦስተኛው ማት ቦክሱን ወደፊት አርዝሞ በሰፊ ሌንስ ላይ ከፍሬሙ ውስጥ ያስገባዋል።

ከሁሉም ክፍል ለእኛ የሚጠቅመው ከላይ የሚዘረጋው ፍላግ፣ ማለትም ብርሃን የሚከልለው ክዳን ነው፤ ፀሐያችን የሚመጣው ከላይ ነውና። የጎን ፍላጎች ቢቀሩም ግድ የለም። በአንጻሩ ሰዎች ችላ የሚሉት በሌንሱና በማት ቦክሱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ከካሜራማኑ ጀርባ ሲሆን በዚያ ክፍተት የገባ ብርሃን የፊልተሩን ጀርባ መትቶ ወደ ሌንሱ ይመለሳል፤ ነጭ የለበሰው የቀራጩ የራሱ ሸሚዝ ጭምር በምስሉ ላይ ጭጋግ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ክፍተቱን በላስቲክ ወይም በጥቁር ጨርቅ ቀለበት መድፈን ዋጋው ጥቂት ነው። ማታ ጧፍና ደመራ ሲቀረጽ ደግሞ ፊልተሮቹ ሁሉ ይውጡ፤ የነበልባሉ ግልባጭ በጨለማው ላይ ሌላ ነበልባል ሆኖ ይንሳፈፋልና።

ገዢ ከሱቁ ሳይወጣ ሊያደርገው የሚገባ ሙከራ አለ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ዕቃ ልመልስ ማለት ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። ካሜራውን ይዞ ይሂድ፤ ዋይት ባላንሱን (የነጭ ቀለም ማመጣጠኛውን) በቋሚ ቁጥር ላይ አስሮ አንድ ነጭ ወረቀት ያለ ፊልተርና ከፊልተር ጋር በደጅ ብርሃን ይቅረጽ፤ ከዚያ በያዘው ረጅሙ ሌንስ የራቀ ጽሑፍ ይቅረጽ፤ ርካሽ ፊልተር ድክመቱ በረጅም ሌንስ ላይ ይታያልና። ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ በኪሱ ይዞ ሄዶ በፀሐይ ላይ ቢሞክረው ኢንፍራሬዱንም ያውቀዋል። ከገዛም በኋላ አቧራውን በመንፊያ ያስወግድ እንጂ በነጠላ ጫፍ አይጥረገው፤ በተለይ ከመስታወት ሳይሆን ከሬዚን የተሠራው ፊልተር ወዲያው ይጫጫራል።

በመጨረሻም ካሜራ በጨረታ ለሚገዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የኮሙኒኬሽን ክፍሎች አንድ ሐሳብ አለኝ። በጨረታ ሰነድ ላይ የሚሰፍረው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ስለ 4ኬ፣ ስለ ባትሪና ስለ ቦርሳ ይናገራል፤ ኤንዲ ግን አይነሳም። እንደ ሶኒ ፒኤክስደብሊው ዜድ 150 ያሉ የዘገባ ካሜራዎች 1/4፣ 1/16 እና 1/64 የሚያሳልፉ ፊልተሮች በውስጣቸው አላቸው፤ የሶኒው ኤፍኤክስ 6 ደግሞ ከ1/4 እስከ 1/128 ድረስ በመዝለል ሳይሆን ቀስ በቀስ በኤሌክትሮኒክስ ያስተካክላል። ኤፍኤክስ 3 ግን በውስጡ ምንም የለውም። ስለዚህ ወይ «በውስጡ ኤንዲ ያለው» የሚል ሐረግ ይጨመር፣ ወይም ኢንፍራሬድ የሚያግዱ የ0.9 እና የ1.8 ፊልተሮች ከነማት ቦክሳቸው ከካሜራው ጋር በአንድ ጥቅል ይጠየቁ፤ በጀቱ አንዴ ከተዘጋ በኋላ ለፊልተር ብቻ የሚሆን ሌላ ግዢ ማስፈቀድ እጅግ አድካሚ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የቪዲዮ ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ