ነጠላው ታጥቧል፣ ምስጋናው ግን ገና ነው

ሰላም ወዳጆቼ። የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፣ ያልሰማም ቪዲዮውን ሳያይ አልቀረም፤ ስለዚህ ዝርዝሩን አልደግመውም፤ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ የሚጥል በሽታዬ ተነሥቶብኝ ወድቄ ነበር። ደህና ነኝ። ግንባሬ ተሰፍቷል፣ ምላሴን ነክሼው ስለነበር ሳምንት ሙሉ በርበሬ አልቀመስኩም፣ ሌላው ሁሉ ቦታው ነው። እግዚአብሔር ይመስገን። መድኃኒቴን ሁለት ቀን ዘልዬ ነበር፣ ጥፋቱ የራሴ ነው።

መጀመሪያ ለመገናኛዋ ቆሎ ሻጭ። ስሜን እንዳትጽፍ ብለውኛል፣ እማማ ልበላቸው።

እማማ፣ ይህን ልጅዎ ታነብልዎታለች። እኔ ከወደቅኩ በኋላ የማስታውሰው ነገር የለም። የሰማሁት ሁሉ የታክሲ ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ከነበረች ልጅ ነው። ሰው ክብ ሠርቶ ቆመ አለችኝ። አንዱ ክብሪት ጭሮ ወደ አፍንጫዬ ሊያስጠጋ ሲል እርስዎ ሳፋዎን ጥለው ደረሱ፤ ቆሎው አስፋልቱ ላይ ተበተነ፣ ለውዙም ሱፉም፣ የቀኑ ገበያዎ በሙሉ። «ክብሪቱን አንሳልኝ! አትጫኑት! አፉ ውስጥ ምንም እንዳትጨምሩ!» ነጠላዎን አጣጥፈው ከራሴ ሥር አደረጉልኝ። መንፈራገጤ ሲበርድ በጎኔ አስተኙኝ። ስሰማ ያስለቀሰኝ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሌላ ነገር ነው። «ኧረ ሰው ጥሩ!» ብለው አልጮኹም። ጣትዎን ቀስረው «አንተ፣ ባለ ቀይ ኮፍያው፣ 907 ደውል። አንቺ ልጄ ሰዓት ያዢ፣ አምስት ደቂቃ ካለፈ ንገሪኝ» አሉ። ባለ ቀይ ኮፍያውም ወዲያው ደወለ።

እኔ ሳይኮሎጂ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይኸው ጉዳይ ፈተና ላይ መጥቶልኝ ደፍኜዋለሁ። ጆን ዳርሊና ቢብ ላታኔ በአውሮፓውያኑ 1968 ያወጡት ጥናት አለ። ተማሪዎች ለየብቻ ክፍል ተቀምጠው በማይክሮፎን ይወያያሉ፣ በመሀል አንዱ ልክ እንደኔ ሕመሙ ሲነሣበት ይሰማል። ድምፁ ቀድሞ የተቀረጸ ነው፣ እነሱ ግን አያውቁም። የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ ብለው ካሰቡት ድምፁ ሳያበቃ ለእርዳታ የተነሡት 85 በመቶ ናቸው። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብለው ካሰቡት ግን 31 በመቶ ብቻ። ፈተናው ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ያልተነሡት ደንታ ቢሶች አልነበሩም። ብዙዎቹ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፣ መዳፋቸውን አልቦት፣ «ልጁ ደህና ነው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። እማማ ያቺን ጣት ሲቀስሩ «ሌላ ሰው ይደውላል» የምትለዋን ሐሳብ ከባለ ቀይ ኮፍያው ላይ ነጠቁት። እኔ አራት ዓመት የተማርኩትን እሳቸው አንድ ቀን ክፍል ሳይገቡ።

እና ቪዲዮው ላይ የቆሙትን ሰዎች የምትሰድቡልኝ፣ ተዉ እባካችሁ። የሚጥል በሽታን በልጅነታችን እንዴት አድርገው እንደነገሩን አንረሳም፤ ለሃጩ ከነካህ ይጋባብሃል፣ ጋኔን ነው፣ ዞር በል። አይጋባም ጎበዝ! ነክቼው እጄ ላይ ቢሞትስ፣ ፖሊስ እኔን ቢይዝስ የሚልም አለ። ረፍዶብኛል የሚልም አለ፤ ይሄኛው እኔ ነኝ። አምና ጠዋት አራት ኪሎ አንድ ሰውዬ አጥር ሥር ወድቆ አየሁ። ሰክሮ ነው አልኩና ወደ ስብሰባዬ አለፍኩ። ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በአውሮፓውያኑ 1973 የወጣ ሌላ ጥናት አለ፣ አሜሪካ ፕሪንስተን ያሉ የነገረ መለኮት ተማሪዎች ላይ የተሠራ። ከፊሎቹ ስለ ደጉ ሳምራዊ ሊናገሩ እየሄዱ ነበር፤ ከተጣደፉት ውስጥ መንገድ ላይ የሚያቃስተውን ሰው የረዱት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። ክፍል ውስጥ በዚህ ስቀን ነበር።

እማማ ሆስፒታል ሊጠይቁኝ ሲመጡ ይህን ሁሉ ከየት እንዳወቁ ጠየቅኳቸው። ብርቱካን እየላጡ ነበር። «ታናሽ እህቴ ምድጃ ላይ ወደቀች» አሉኝ። «ሰው ፈርቶ አላነሣትም። እኔም ፈራሁ።» ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ እንዳሳየቻቸው ነገሩኝና ብርቱካኑን በእጄ አስያዙኝ። ሌላ አልጨመሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ይህን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል።

ባለ ቀይ ኮፍያው፣ ማን እንደሆንክ አላውቅም፣ ዕድሜ ይስጥህ። ሰዓት የያዝሽው ልጅ፣ አራት ደቂቃ እንደነበር ነግረሽኛል፣ ላንቺ መቶ ዓመት መስሎሽ እንደነበርም። የአምቡላንስ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ባልደረቦቼ፣ የሰፈሬ ሰዎች፣ እድርተኞች፣ ከሜሪላንድና ከጅዳ የደወላችሁ ዘመዶቼ፣ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ እንዳትቀየሙኝ፣ ጭንቅላቴ ገና አልጠራም። አክስቴ፣ አጥሚቱን አልረሳሁም፣ ማኩረፉ ይቅር።

ትናንት ነጠላውን ልመልስ መገናኛ ሄጄ ነበር። እናቴ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ለተደፋው ቆሎ ብላ እጥፋቱ ውስጥ ብር ሸጉጣበታለች። እማማ ዘርግተው ሲያዩት ብሩን መልሰው ኪሴ ከተቱት፣ በዚያ ላይ ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። «የዛሬውን ዋጥክ?» አሉኝ። አልዋጥኩም ነበር። ከጎናቸው ካለው ሱቅ ውኃ አስመጡና እስክውጥ ድረስ ቆመው አዩኝ።