ይድረስ ለአዘጋጁ፦ የኮምፓውንዱ ባለቤት ላቲን አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሑድ ወደ እንግሊዝኛ ስለገቡ የባዕድ ቃላት ያወጣችሁትን ዘገባ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። እኔማ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ገጹን ቆርጦ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግድግዳ ላይ ስለለጠፈው፣ ሻይ በጠጣሁ ቁጥር እንዳነብበው ተፈርዶብኛል። በዘገባው ሠንጠረዥ ውስጥ ለፈረንሳይኛ፣ ለዐረብኛና ለሂንዲ ረጃጅም ዝርዝር ሲሰጥ፣ በማሌዢያ ለሚነገረው ለማላይኛ የደረሰው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እርሱም «አሞክ» ሲሆን፣ ትርጉሙ «ማላዮች ሲቆጡ ያገኙትን ሁሉ የሚገድሉበት ጠባይ» ተብሎ ተቀምጧል። እዚያው ገጽ ላይ፣ ሁለት ዐምድ አለፍ ብሎ፣ «ኮምፓውንድ» የሚለው ቃል «ማዋሐድ» ከሚል ግሥ የመጣ ነው ተብሎ በላቲን ሥር ተመዝግቦ፣ «የአዲስ አበባ ደላላ ሳያውቀው በየቀኑ ላቲን ይናገራል» የሚል ቀልድ ታክሎበታል። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ የተሳሳተው ቋንቋው ብቻ ነው።

ነገሩን በእርጋታ እንየው። በእንግሊዝኛ «ኮምፓውንድ» ተብለው የሚጻፉ ሁለት ቃላት አሉ። አንደኛው በኬሚስትሪ መጽሐፍ የምናገኘው፣ የተዋሐደ ነገር ማለት የሆነው ነው፤ እርሱ በእርግጥ የላቲን ልጅ ነው። ሁለተኛው፣ አጥር ያለው ግቢ ማለት የሆነውና ደላላው «ኮምፓውንዱ ሦስት መኪና ያስገባል» ሲል የሚጠቀምበት ግን፣ በ17ኛው ምዕተ ዓመት ከምሥራቅ የመጣ ሌላ ቃል ሲሆን፣ መነሻው የማላይኛው «ካምፑንግ» እንደሆነ ዛሬ አብዛኞቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ይስማማሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ካምፑንግ ማለት መንደር ወይም የከተማ ሰፈር ነው፤ በማሌዢያዋ መላካ ከተማ «ካምፑንግ ሁሉ» እና «ካምፑንግ ክሊንግ» የተባሉት ሁለት መስጊዶች ስማቸውን ያገኙት ከቆሙባቸው ሰፈሮች ነው። አውሮፓውያን ነጋዴዎች በምሥራቅ ወደቦች የከለሉትን ግቢ በዚሁ ቃል ጠሩት፤ እንግሊዞችም ወደ ሕንድ ወስደው፣ አጻጻፉን ቀድሞ ከሚያውቁት የላቲን ቃል ጋር አመሳሰሉት። በ1880ዎቹ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ፣ በኪምበርሊ የአልማዝ ማዕድን ማውጫ፣ ጥቁር ሠራተኞች ተዘግቶባቸው የሚኖሩበት ግቢ በዚሁ ስም ተጠራ። ከመላካ ሰፈር ተነሥቶ የሰው ማጎሪያ እስከ መሆን የደረሰ ቃል ነው፤ ዘገባው ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ የላቲን ግሥ አሳጥሮታል።

መነሻው ፖርቱጋልኛው «ካምፖ» (ሜዳ) ነው ብለው የተከራከሩ ሊቃውንት እንደነበሩ አልክድም። አዘጋጁ በዚህች ቀዳዳ ሾልኮ «የካምፖ ሥሩስ ላቲን አይደለምን?» ሊለኝ እንደሚችልም እገምታለሁ። ነገር ግን ዘገባችሁ የጠቀሰው «ማዋሐድ» የሚለውን ግሥ እንጂ «ሜዳ» የሚለውን ስም አይደለም፤ ስለዚህ በዚያኛው ክርክርም ቢሆን ትክክል አልሆነም።

ይህ ለምን ይህን ያህል እንዳንገበገበኝ ልናገር። ትምህርቴን የተከታተልኩት በማሌዢያ ነው፤ እዚያ ከተማርነው ኢትዮጵያውያን አንዳንዶቻችን ከኩዋላ ላምፑር ወጣ ባለ ካምፑንግ ክፍል ተከራይተን ኖረናል። የእኔ አከራይ፣ እኛ «እትዬ» እንደምንለው «ማክ ቺክ» እያልን የምንጠራቸው ባልቴት፣ ከወጥ ቤታቸው በር ኋላ እጀታው እንደ ቀለበት የታጠፈ «ሮታን» የሚባል ቀጭን አርጩሜ ሰቅለው ነበር፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲያጠፉ ዓይናቸውን ወደዚያ ማዞራቸው ብቻ ይበቃ ነበር። ያው ሮታን ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ ወንበር ይጠገንበታል፤ እንግሊዞች «ራታን» የሚሉት ያንኑ ነው። ማታ ማታ የትንሿን ልጅ ጸጉር እየከፋፈሉ «ኩቱ» ሲለቅሙላት የተመለከተ ሰው ደግሞ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ምሽግ ውስጥ ለወረራቸው ቅማል የሰጡት «ኩቲ» የሚል ስም ከየት እንደመጣ መገመት አያቅተውም። በቆየሁበት ዘመን ሁሉ ማክ ቺክ ያገኙትን ሁሉ ሲገድሉ አላየሁም፤ ምናልባት የእናንተ ዘጋቢ የሚያውቃቸው ማላዮች ሌሎች ይሆናሉ።

«አሞክ»ን በተመለከተ፣ ቃሉ ማላይኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ጠባይ ተብሎ በአንድ ሕዝብ ላይ መለጠፉ ግን የዘጋቢው ፈጠራ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ነገሩን ለአውሮፓ አንባቢ የገለጸው ፖርቱጋላዊው ዱዋርቴ ባርቦሳ የጻፈው ስለ ጃቫ ደሴት ሰዎች ነበር። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994 ባወጣው መመሪያ ቃሉን ከባህል ጋር ከተያያዙ የአእምሮ ሕመሞች ተርታ አሰፈረው እንጂ የማላዮች ጠባይ ነው አላለም። ማላዮች ራሳቸው «መንጋሙክ» የሚለውን ግሥ ለእሳት፣ ለማዕበልና ለተቆጣ ዝሆን ጭምር ይጠቀሙበታል።

በጣም የሚያስቀው ደግሞ ይህን ስሕተት የሠራው የዜና ተቋም መሆኑ ነው። በ1843 ዊልያም ሞንትጎሜሪ የተባለ፣ በሲንጋፖር ያገለግል የነበረ ሐኪም፣ የአካባቢው ሰዎች የገጀራ እጀታ የሚሠሩበትን የዛፍ ሙጫ ናሙና ወደ ለንደን ላከ። ማላዮች «ገታህ ፐርቻ» ይሉታል፤ እንግሊዝኛ «ጉታ ፐርቻ» ብሎ ወሰደው። ሙጫው በሙቅ ውኃ የሚለሰልስ፣ ሲቀዘቅዝ የሚጠነክር፣ የባሕር ጨው የማይበላው ነበርና፣ በ1851 በዶቨርና በካሌ መካከል የተዘረጋው የባሕር ሥር የቴሌግራፍ ሽቦ በእርሱ ተለበጠ። የሮይተርስ ዜና ወኪል መሥራች ጁልየስ ሮይተር በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ቢሮ ከፍቶ የለንደንንና የፓሪስን የገበያ ወሬ ማቀባበል የጀመረው በዚሁ ሽቦ ነው። ከዚያ በኋላ አትላንቲክን ያቋረጡት ሽቦዎችም የተለበጡት በዚሁ ሙጫ ሲሆን፣ ሙጫውን ለማግኘት ዛፉ ከነግንዱ ይቆረጥ ስለነበር የማላይ ምድር ጫካ ክፉኛ ተራቆተ። የውጭ ዜና ገጻችሁ የቆመው በእነዚያ ዛፎች ላይ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ሠንጠረዣችሁ ግን ስማቸውን አያውቀውም።

ዘገባው «ኮካቱ» የተባለችውን ወፍ ለሆላንድኛ፣ የቻይና ሹም ማለት የሆነውን «ማንዳሪን»ን ደግሞ ለፖርቱጋልኛ መስጠቱን ስመለከት የስሕተቱ ምንጭ ገባኝ፤ ዘጋቢው ቃሉን ያጓጓዘውን እንደ ባለቤት ይቆጥራል። ፖርቱጋሎች መላካን በ1511 ሲይዙ ማላይኛ በዚያ ባሕር ሁሉ የወደብና የገበያ ቋንቋ ነበር፤ በ1521 ከማጄላን መርከቦች ጋር የተጓዘው ጣሊያናዊው ፒጋፌታ ከ400 በላይ የማላይኛ ቃላት መዝግቦ የተመለሰውም ስለዚሁ ነው። ሆላንዶች «ካካቱዋ»ን፣ ፖርቱጋሎችም «መንትሪ»ን ከዚያ ገበያ አንሥተው ለእንግሊዞች አቀበሉ። «መንትሪ»ን ማላይኛ ራሱ ከሳንስክሪት ተበድሮታል፤ ይህን መጻፍ ደግሞ አንድ ተጨማሪ መስመር እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም ነበር። የዕፀዋት ተመራማሪው ሊኔየስ በ1753 ቡናችንን «አረቢካ» (የዐረብ) ብሎ በመሰየሙ፣ ያሻገሩት ነጋዴዎች እንደ አብቃይ ተቆጠሩ ብለን እስከ ዛሬ የምንቆጭ ሕዝብ፣ ያንኑ በሌላው ላይ ስናደርገው ትንሽ እንኳ አለማፈራችን ይገርመኛል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ እናንተ ደግሞ አጥሩን ከነግቢው ነቅላችሁ ለሮማ አስረክባችኋል።

ይህ የመጀመሪያ ደብዳቤዬ አይደለም። ከዚህ ቀደም ማላይኛና ኢንዶኔዥያኛ «ምንም የማይገናኙ ሁለት ቋንቋዎች» መሆናቸውን በጻፋችሁ ጊዜ፣ እንግሊዝና ሆላንድ በ1824 በለንደን በተፈራረሙት ውል የማላይን ዓለም ለሁለት እንደተካፈሉት፣ የኢንዶኔዥያ ወጣቶችም በ1928 ይህንኑ ማላይኛ «የኢንዶኔዥያ ቋንቋ» ብለው የጋራ ቋንቋቸው እንዳደረጉት በዝርዝር ጽፌላችሁ ነበር። እናንተ ግን ሁለት መስመር ብቻ አስቀርታችሁ፣ በሁለቱም መስመር ላይ «ማላይ»ን «ማላዊ» አደረጋችሁት። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤታችን ስለ ማላዊ ዋና ከተማ ስለ ሊሎንግዌ የአየር ጠባይ የምጠየቀው እኔ ነኝ።

ስለዚህ የምጠይቀው፣ ማረሚያው ዘገባው በወጣበት ገጽና በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ፣ «ኮምፓውንድ» ከላቲን ዐምድ ተነሥቶ ወደ ማላይኛ እንዲዛወር፣ ከ«አሞክ» ትርጉም ላይም «ጠባይ» የሚለው ቃል እንዲሰረዝ ነው። ደብዳቤው ረዝሟል ካላችሁ የቡናውን አሳብ መቁረጥ ትችላላችሁ፤ የካምፑንጉን ግን እንዳትነኩብኝ፣ እባካችሁ ዳግመኛም ማላዊ አትላኩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከአዲስ አበባ