እማዬ ቤቱን እንዳትሸጪው

እማዬ እንዴት ሰነበትሽ፣ ጉልበትሽን ተሻለሽ ወይ? እሁድ ስንደዋወል "ቤቱን ሸጬ ናይሮቢ ልምጣና አብረን እንኑር፣ እዛ ኑሮ ይሻል የለ" ያልሽኝ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ኔትወርኩም እየተቆራረጠ ነበር፣ ነገሩም በስልክ እንዲህ በአጭሩ የሚመለስ አይደለም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። ብቻ እንድትመጪ አልፈለገም ብለሽ እንዳታዝኚ፣ ናፍቆቴን አንቺ ታውቂዋለሽ።

ለኔ እድሜና ለኔ ስራ ይሻላል፣ እሱን አልዋሽሽም። ደሞዝ ስቀበል ወሩን በምን እንደምጨርሰው አውቃለሁ። እናንተ ጋ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በጥቂት ጊዜ መቶውን አለፈ፣ ጡረታሽ ደግሞ ዘይቱ ላይ ሊደርስበት አልቻለም። የዚህ ሽልንግ ግን ከዛን ጊዜ ወዲህ ለአንድ ዶላር 129 አካባቢ ረግቶ ነው የከረመው። ደግሞ ሁሉ ነገር በስልክ ነው፣ በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤምፔሳ እዚህ የተጀመረው በ1999 ነው፣ እኛ ቴሌብር ያየነው ግንቦት 2013፣ ስንት አመት እንደቀደሙን አስቢው። መንገድ ዳር ሱኩማ፣ ጎመናቸውን ማለቴ ነው፣ የምትሸጠው ሴትዮ ሳትቀር በስልክ ነው የምትቀበለው። መብራት ሲያልቅብኝ ከአልጋዬ ሳልነሳ እገዛለሁ፣ 20 አሃዝ በሜሴጅ ይመጣልኛል፣ ቆጣሪው ላይ ቁጥሩን መምታት ነው፣ በቃ በራ። አንቺ ካርዱን በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ልታስሞዪ ስትሰለፊ ትዝ ይለኛል።

የሚገርምሽ እዚህ ከሚበራው መብራት የተወሰነው ከኛው ነው የሚመጣው። ከወላይታ ሶዶ ናይሮቢ አቅራቢያ እስካለው ሱስዋ ከ1,000 ኪሎሜትር በላይ መስመር ተዘርግቶ ከ2015 ጀምሮ ኬንያ ከኢትዮጵያ ትገዛለች። ደስ ይለኛል ይሄ፣ ግን ከኬንያ ሰው ከአራቱ ሶስቱ መብራት ሲኖረው ከኛ ግማሽ ያህሉ ገና በኩራዝ መሆኑን ሳስብ ያመኛል እማ።

አሁን ወዳንቺ ጉዳይ ልምጣ። እዚህ ኑሮ የሚሻለው ለሚከፍል ሰው ነው። ውሃ ለምሳሌ እንደኛው በፈረቃ ነው፣ ሲጠፋ ግን ስልክ ተደውሎ ቦቴ ይመጣል፣ ብር ነው። ጥበቃው ብር ነው፣ ግቢው ዙሪያውን ኤሌክትሪክ ሽቦ አለው፣ እሱም ብር ነው። ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ሊፍት ውስጥ ሰላም እንባባላለን እንጂ ስሙን አላውቀውም። ባለፈው ታምሜ የግል ሆስፒታል ስሄድ ዶክተር ከማየቴ በፊት ተቀማጭ አስይዝ ተባልኩ፣ ህክምናው እውነት ለመናገር ጎበዞች ናቸው፣ ግን ሶስት ቀን ተኝቼ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። ከ2017 ጀምሮ ከደሞዜ 2.75 በመቶ ለአዲሱ የጤና መድን ይቆረጣል፣ አንቺን ግን እሱ ይሸፍንሽ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም፣ በእድሜሽ የግል ኢንሹራንስ ልግባልሽ ብል ዋጋው የሚቻል አይደለም። እዛ ግን አንድ ቀን በርሽ ሳይከፈት ቢረፍድ እነ እትዬ አጥሩን ዘለው ይገባሉ፣ የግፊት መድሀኒትሽን በጤና መድን ደብተርሽ ከጤና ጣቢያ ትወስጃለሽ፣ እድር አለሽ፣ ማህበር አለሽ። ይሄንን እዚህ በምን ብር ልግዛልሽ?

ደግሞ ኬንያ በገቢም በትምህርትም ትበልጠናለች እየተባለ፣ በአማካይ እድሜ ግን እኛ እንደምንበልጣቸው ታውቂያለሽ? እኔ ሳነበው ደንግጬ ነበር። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፣ እነሱን ኤችአይቪ በጣም ጎድቷቸዋል፣ በኛ በኩል ግን ከ1995 ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች፣ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው እኮ፣ የሰሩት ስራ ቀላል አይደለም። ያቺ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት እየመጣች የምትነዘንዝሽ ልጅ አንዷ ናት፣ ስትመጣ ቡና አጠጫት።

ኬንያዎቹን ግን በአንድ ነገር በጣም እቀናባቸዋለሁ፣ ሰኔ 2016 ላይ ወጣቱ ግብር በዛብን ብሎ መንገድ ወጣ፣ ልጆች ሞቱ፣ ያሳዝናል፣ ፕሬዚዳንቱ ግን ህጉን አልፈርምም ብለው መለሱት። ታክሲ ውስጥም ሰው ስለ መንግስት ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው፣ ዞር ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ይሄም ኑሮ ነው ለኔ።

እና እማዬ እኔ የምለው፣ ለመኖር ሳይሆን ለመጠየቅ ነይ። ከፋሲካ በኋላ ሁለት ወር እኔ ጋ ትቆያለሽ፣ ቪዛ አያስፈልግሽም፣ አየሩም እንደ አዲስ አበባ ነው፣ ትንሽ ይሞቃል እንጂ ቆላ አይደለም። ጉልበትሽንም እዚሁ እናሳየዋለን፣ ለሱ ገንዘብ ይዣለሁ። ቤቱን ግን አትንኪው፣ ካርታውን ለዛ ደላላ እንዳታሳዪው፣ ኮፒም ቢሆን። የኋላውን ክፍል ለተማሪ አከራዪው፣ ሰው ግቢው ውስጥ ይኑርልሽ። ፓስፖርትሽ ጊዜው ሊያልፍ ስለሆነ ትንሹ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያስይዝልሽ፣ የግፊቱን መድሀኒት የሁለት ወር አስጽፊና የሀኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ይላክልኝ።

ልጅሽ